አማቴ በሩን ዘጉት

ደገኛ በር ይዘጋል፣ ቆለኛ በር ይከፍታል። ይህን ከተረትና ምሳሌ መካከል ፈልጋችሁ አታገኙትም፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያወጣሁትም ጥላ ሥር ተቀምጬ በመፈላሰፍ ሳይሆን፣ ሸዋ ሮቢት፣ በገዛ ቤቴ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከአማቴና ከሚስቴ ጋር ተዘግቶብኝ እንደ ድፎ ዳቦ ስበስል ነው። ተረት የሚያወጡ ሰዎች ሁሉ እንዲህ ተሠቃይተው ከሆነ ከእንግዲህ አከብራቸዋለሁ።

ጊዜው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው። እኔ ያኔ የመንገድ ሥራ ካምፕ ንብረት ያዥ ነበርኩ። ንብረት ያዥ ማለት አካፋ ሲወጣ "ወጣ"፣ ሲመለስ "ገባ" የሚል ሰው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምስጢር የለውም። ግን ሰው ቀኑን ሙሉ ከካቻቢቴና ከመዶሻ ጋር ሲውል ሙያው በአየር የሚጋባ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር።

ሮቢትን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ መጀመሪያ ጋቢ ይወልቃል፣ ቀጥሎ ኮት ይወልቃል፣ ሮቢት ሲደረስ የሚወልቅ ነገር ጠፍቶ ሰው የገዛ ቆዳውን በክፉ ዓይን ያያል። እንዲህ ባለ አገር በቀን በር የሚዘጋ ጤነኛ የለም። የተዘጋ በር ከታየ ወይ ባለቤቱ ማጀቴ ገበያ ሄዷል፣ አለዚያ ውስጥ ውርስ እየተካፈሉ ነው፣ አለዚያም ባልና ሚስት ሽማግሌ ፊት ገመናቸውን ዘርግፈዋል። ስለዚህ በቀን የተዘጋ በር አይንኳኳም፣ አይነካም። ጨዋ ሰው ራቅ ብሎ ይቀመጥና እስኪከፈት ይጠብቃል። ይህን ልማድ በልባችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ ሊገድለኝ ትንሽ ነበር የቀረው።

የሺን ያገኘኋት ደብረ ሲና፣ ካምፑ ለሥራ ልኮኝ ነው። እንዴት እንደ ተዋወቅን የሁለታችን ጉዳይ ስለሆነ እናንተ እለፉት። አባቷ አባባ ጌታነህ ይባላሉ። ከቤት ሲወጡም ሲገቡም ከትከሻቸው የማትለይ ወፍራም ባና፣ ከእጃቸው የማይለይ ከዘራ አላቸው። ሽማግሌ ብልክባቸው "ልጄን ለቆላ አልሰጥም" ብለው መለሱ። ብደግም ደገሙ። ንቀት አልነበረም። ታናሽ ወንድማቸው ለማሽላ አጨዳ ይፋት ወርዶ በወባ ቀርቶባቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ቆላ የሚል ቃል ሲሰሙ ያማትባሉ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ እግራቸው ላይ ሲወድቁ እንዲህ አሉ፦

"እሺ፤ ይውሰዳት፤ ግን ትንኝ የማይገባበት ቤት ይሥራ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ወርጄ አያለሁ። አንዲት ሽንቁር ካገኘሁ ልጄን በበቅሎ ጭኜ እመለሳለሁ። ያኔ ሽማግሌ አትላኩብኝ።"

እኔ ሰውየውን አውቃቸዋለሁ፤ ካሉ አሉ ነው። የሺን ማጣት ደግሞ ለእኔ ቀልድ አልነበረም። እንግዲህ ቤቴን ልብ ብዬ ሳየው ጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ለትንኝ የሚበቃ ብቻ ሳይሆን ድመት በሩጫ የሚያስገባ ሽንቁር ያለበት ሆኖ ተገኘ።

እግዜር ሲጥል አንድ መሐንዲስ ላከልኝ። ፈረንጅ ነው። ከደብረ ሲና በላይ፣ ጉም ከማይለየው ተራራ ጫፍ ላይ ቤት ሠርቶ ይኖር የነበረ ሲሆን፣ ሥራው አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ቤቱ ፈረሰ። የቤቱን አንድ መስኮትና አንድ በር ለእኔ ሰጠኝ። መስኮቱ ባለ ሁለት መስታወት ነው፤ አንዱ መስታወት ከውጭ፣ አንዱ ከውስጥ፣ መሃላቸው ጣት የማያስገባ ክፍተት።

"ለምን ሁለት ሆነ?" ብዬ ጠየቅሁት።

"የቤቱ ሙቀት ወደ ውጭ እንዳይወጣ" አለኝ።

እኔም የቤቱ ሙቀት እንዳይወጣ ተብሎ የተሠራውን መስኮት አመስግኜ ተቀብዬ፣ በካምፕ መኪና ጭኜ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድሁ። በመንገድ ላይ አንድም ጊዜ አላሰብሁም። ያሰብሁት ትንኝ አንዱን መስታወት ብታልፍ እንኳ ሁለተኛው ላይ ተስፋ ትቆርጣለች ብቻ ነው።

መስኮቱንና በሩን በገዛ እጄ ገጠምኩ። ግድግዳውን በጭቃ ደፈንኩ፣ ጣሪያውን በአቡጀዲ ኮርነስኩ፣ የቀረውን ቀዳዳ በስቱኮ ጠቀጠቅሁ። ጎረቤታችን ጋሽ ሁሴን ግድግዳ ለግድግዳ የወፍጮ ቤት አላቸው፤ ሞተሩ ከጧት እስከ ማታ "ቱክ ቱክ ቱክ" ሲል ከዚያ በፊት አልጋችን ይርገፈገፍ ነበር። ከደፈንሁ በኋላ ድምፁ ከሩቅ አገር የሚመጣ መሰለ። ጋሽ ሁሴን ገብተው ዞር ዞር ብለው አዩና፦

"ወላሂ፣ ይሄ ቤት አይደለም፤ ጎተራ ነው" አሉ። እኔ እንደ ምስጋና ወሰድሁት።

በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ወፍራም፣ በሁለቱም ወገን የሚያብረቀርቅ እጀታ ያለው ነው። መጀመሪያ ያስቸገረኝ ማጠፊያው ነው። በተከፈተ ቁጥር እንደ ወላድ ላም ያምባርቃል። የሺ ቅቤ ቀባችው፤ ዝም አለ፤ ነገር ግን አይጦች ወሬው ደርሷቸው እየመጡ ይልሱት ጀመር። ከጋሽ ሁሴን ሞተር ግራሶ ለምኜ ቀባሁት፤ አይጦቹ ቀሩ፤ እኛ ግን ወጥተን በገባን ቁጥር ነጠላችንና ጋቢያችን እንደ መካኒክ ቱታ ጠቆረ። ሰፈር ውስጥ ያለው አናጢ ተጠርቶ ማጠፊያውን፣ ምላሱን፣ እጀታውን በየተራ ነካ ነካ አደረገና "ጌታዬ፣ ይሄ በር አይደለም፣ መኪና ነው" ብሎ መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ። ያን ቀን እኔም ብከተለው ጥሩ ነበር።

ቀጥሎ የመስኮቱ እጀታ ተሰበረ። እንዴት እንደ ተሰበረ ብዙ አትጠይቁኝ፤ ወደ ላይ የሚዞረውን ወደ ታች ተንጠልጥዬበት ነው። መስኮት ያለ እጀታ አፍንጫ የሌለው ፊት መሰለ። አማቴ መጥተው ይህን ቢያዩ ምን ይላሉ? በዙሪያዬ ብመለከት በሩ ላይ ሁለት እጀታ አለ፤ አንዱ ከውጭ፣ አንዱ ከውስጥ። አንድ በር ሁለት እጀታ ምን ያደርግለታል? የውስጡን ነቅዬ መስኮቱ ላይ ልገጥመው ስል የሺ ደረሰች።

"አንተ፣ እና በሩ ከውስጥ በምን ሊከፈት ነው?"

"ሮቢት ውስጥ በቀን በር የሚዘጋ ማን አለ?"

"ማታስ?"

"ማታ ምላሱ እንዳይነክስ ጨርቅ እንወትፍበትና በገመድ እናስረዋለን።"

ትንሽ አየችኝ። "የተማረ ሰው አግብቼ" አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ምስጋና ይሁን ሌላ ነገር አሁንም አጣርቼ አላውቅም።

እጀታው ለመስኮቱ ልኩ አልነበረም፤ ግን ምስማር የማያስማማው ነገር የለም። ዙሪያውን በምስማር ቀጠቀጥሁት፣ የምስማሩን ጫፍ አጠፍሁት፣ በላዩ ስቱኮ ለጠፍሁበት። ከዚያ በኋላ ያን እጀታ ከመስኮቱ ለመንቀል መስኮቱን ከቤቱ፣ ቤቱን ከሮቢት መንቀል ያስፈልግ ነበር። አንድ ጉድለት ብቻ አለው፤ አይዞርም። መስኮቱም አይከፈትም። ለሚያየው ግን ያምራል።

በሩ ላይ ደግሞ፣ እጀታው የተነቀለበት ቀዳዳ ውስጥ አራት ማዕዘን የሆነች ብረት ብቅ ብላ ቀረች። ይህቺ ብረት ከውጭው እጀታ ጋር የተያያዘች ናት፤ በሩን የምታስከፍተው እሷ ናት። የሺ ባለፈች ቁጥር ነጠላዋን ይዛ ትቀድባታለች። በመጋዝ ከሥሯ ቆረጥኋት። እነሆ፣ የበሩ ውስጥ ገጽ ምንም የማይያዝበት ለስላሳ ሆነ። ከባርኔጣ መስቀያዬ ምስማር በቀር። ረክቼ ተኛሁ።

አባባ ጌታነህ በግንቦት፣ በገበያ ቀን መጡ። መኪና አያምኑም፤ በበቅሎ ነው የወረዱት። እሳቸው ከተቀመጡባት በቅሎ ኋላ ሌላ በቅሎ ይጎትታሉ። የተጎተተችው በቅሎ ኮርቻ አላት፤ ኮርቻው ላይ ግን ማንም የለም። ሁለቱንም ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ካለችው የቁርቁራ ዛፍ ሥር አሰሯቸው። ባዶውን ኮርቻ ሳይ ለማን እንደ መጣ ገባኝ። የሺም አይታዋለች። ለእንግዳ ክብር ብላ ቤቱን ስትጠርግ ያን የቆሸሸ ጨርቅ ከበሩ ምላስ ላይ አንሥታ እንደ ጣለችው በዚያን ሰዓት አላወቅሁም።

ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። የሰው አማት መጥቶ ሳይቀበሉ መቅረት ነውር ስለሆነ፣ ከሰፈሩ ክርስቲያኑም እስላሙም ነጭ ለብሶ ቁርቁራዋ ሥር ተሰብስቧል። ለክርስቲያኖቹ አንድ ፍየል አዘጋጅቻለሁ፤ ለእስላሞቹ ጎረቤቶቻችን ጋሽ ሁሴን በአገሩ ልማድ በግቢያቸው ሌላ አሳርደው ሥጋው ይጠበሳል። የእኔን ፍየል የማርደው እኔ ነኝ፤ እንግዳውን አስቀምጬ፣ ውሃ አቅርቤ፣ ወዲያው ልወጣ።

አባባ ጌታነህ ጎንበስ ብለው ገቡ። የሺም እኔም ተከተልን። እሳቸው ግን የደብረ ሲና ሰው ናቸው፤ ደብረ ሲና ሰው ቤት ገብቶ በር ከፍቶ መተው፣ ነፋሱን "ግባ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጥ" ማለት ነው፤ አሳዳጊ የበደለው ካልሆነ አያደርገውም። ዘወር አሉ፤ የሚይዙት እጀታ አጡ፤ ሳይገረሙ የባርኔጣዬን ምስማር በከዘራቸው ቆልመም አድርገው ሳቡት።

"ቀጭ" አለ።

ደኅና ነገር ሲሰበር ብዙ ይጮኻል። ክፉ ነገር ሲመጣ "ቀጭ" ብቻ ነው የሚለው። የሺ እኔን አየችኝ። እኔ ምስማሯን አየሁ። ምስማሯ ባርኔጣ ለመያዝ እንጂ ለሌላ እንዳልተሠራች ልታሳየኝ፣ ገና ስይዛት ተነቅላ እጄ ላይ ቀረች።

"እሰይ!" አሉ አባባ ጌታነህ ሳይጠረጥሩ። ዙሪያውን በከዘራቸው እየነካኩ ግድግዳውን መረመሩ፣ ኮርኒሱን ቀና ብለው አዩ፣ መስኮቱ ጋ ደረሱ። በሁለቱ መስታወት መሃል አንዲት ትንኝ ደርቃ ተጣብቃለች፤ ስገጥመው ገብታ የቀረች መሆን አለባት። ብዙ አስተዋሏት።

"ይቺስ?"

"እዚያ ቀረች፣ አባባ" አልሁ።

"አልገባችም?"

"መግባትም መውጣትም አቃታት።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስ ያላቸው ይመስላል። ቀጥሎ ላባቸውን ጠረጉ። "እንደው አሁን በሩን ትንሽ ገርበብ አድርገው፣ ልጄ።"

ለዚህ መልስ መስጠት እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ከብዶኛል። በሩን ገፋሁ። በትከሻዬ ገፋሁ። ቢላዋ በስንጥቁ ሰደድሁ፤ ቢላዋው ታጠፈ። ያቺን የቆረጥኋትን ብረት በጥፍሬ ልይዛት ሞከርሁ፣ በጥርሴ ልይዛት ቃጣሁ። ካቻቢቴዬና ፒንሳዬ የት ናቸው? ውጭ፣ ፍየሉ ከታሰረበት አጠገብ። ጣቴን ወደ መስኮቱ እጀታ ቀሰርሁና የበሩ ቁልፍ ያ ነው፣ ግን እዚያ ነው፣ ግን አይነቀልም አልሁ። አባባ ጌታነህ ሁለት ጊዜ አስደግመውኝ አልገባቸውም። የሺ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳቻቸው።

"የበሩን እጀታ ለመስኮቱ ሰጥቶት ነው፣ አባባ።"

"ለምን?"

"እንዲያምር።"

ባናቸውን አወለቁ። በማውቃቸው ዘመን ሁሉ ያችን ባና ሲያወልቁ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ኩታቸውን አወለቁ፣ ከዚያ ኮታቸውን። ቆርቆሮው ከላይ ይግላል፤ መስኮቱ ፈረንጁ ቃል እንደ ገባልኝ የቤቱን ሙቀት አንዲት እንኳ አላስወጣም። ለዕቃው ጥራት መሐንዲሱን ማመስገን ይገባኝ ነበር።

"መስታወቱን ልስበረው?" አልሁ፣ እንደማይፈቅዱ እያወቅሁ።

"በልጄ ቤት መስታወት ሲሰበር ልይ? ምን የሚሉት ገድ ነው! ደግሞስ በመስኮት የሚወጣ ሌባ ነው።"

በሩን በቡጢ ደበደብን። ውጭ፣ ወፍጮው "ቱክ ቱክ" ይላል። በኋላ እንደ ተረዳነው፣ ወደ በሩ ቀረብ ብለው የተቀመጡት የጋሽ ሁሴን ባለቤት እትዬ ዘይነባ ድብደባውን ሰምተው፣ "የሺ ለአባቷ በርበሬ ትወቅጣለች፣ ባለሙያ ናት" ብለው ለሴቶቹ ነግረዋል። በሩ በቀን ተዘግቶ ሲያዩ ደግሞ የመሰላቸውን ሁሉም ያውቃል፤ አማትና አማች ከባድ ጉዳይ ይዘዋል፣ ምናልባት የዚያች የባዶዋ በቅሎ ጉዳይ ነው። አንድ ጎረምሳ ወደ በሩ ሲጠጋ እትዬ ዘይነባ በዓይናቸው መለሱት። እንዲያውም ማንም እንዳይደፍረን ብለው ደጃፉ ላይ ዘብ ቆመውልን ነበር። እጀታው ከጎናቸው ነው፤ በሁለት ጣት ይከፈታል።

አባባ ጌታነህ ወደ መስኮቱ ሄደው በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ቁርቁራዋ ሥር ያለው ሰው ሁሉ እመር ብሎ ተነሣና እጅ ነሣ። አማቱ በመስኮት ሰላም ሊሉን ወጡ ብሎ ነው። አባባ ጌታነህ በእሳት ላይ ቢሆኑም ለሰላምታ አጸፋ አለመመለስ አይሆንላቸውም፤ እሳቸውም ጎንበስ አሉ። እንግዳው ሲያጎነብስ ሰዎቹ ቆመው ሊያዩ ነው? ይበልጥ አጎነበሱ። እሳቸውም ይበልጥ። እኔ ከጎናቸው "ክፈቱ! ክፈቱ!" እያልሁ እዘላለሁ፤ ለእነሱ ደስታ ነው የመሰላቸው፤ አንዳንዶቹ በእልልታ አገዙኝ። አፋቸው ሲከፈት ነው ያየሁት፤ ድምፁ የት ይደርሳል!

በዚህ መካከል የጋሽ ሁሴን ጥብስ ወጣ። እስላሞቹ ጎረቤቶቻችን በላተኛ ሆነው ተቀመጡ፤ ክርስቲያኖቹ እኔ ወጥቼ ፍየሌን እስካርድ ምራቃቸውን እየዋጡ ወደ መስኮቱ ያያሉ፤ እኛ ወደ ጥብሱ እናያለን። ፍየሌ ሁላችንንም በየተራ እያየ ያመሰኳል። ከሁሉም ጀርባ ያቺ በቅሎ ባዶ ኮርቻዋን ተሸክማ ቆማለች፤ እኔ የማያት እሷን ነው።

አባባ ጌታነህ ትዕግሥታቸው አለቀ። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ወደ ኮርኒሱ ቀና አድርገው፣ በሩን ከነዘሩ ይረግሙት ጀመር። ውጭ ሆኖ በመስታወት ለሚያይ ግን ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሲናገር አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ጋሽ ሁሴን ጥብሱን አስቀምጠው መዳፋቸውን ዘረጉ። ሁሉም ዘረጋ። እስላሙ "አሚን"፣ ክርስቲያኑ "አሜን"።

"ይህን በር የሠራ አናጢ እጁን ቁርጥማት ይያዘው!"

"አሜን!" አሉ በውጭ፣ ከናፍራቸውን ሳይ።

"ይህን በር ያወረደ መኪና ገደል ይግባ!"

"አሚን!"

"ይህን በር የገጠመ..." ብለው ወደ እኔ ዞሩና የልጃቸው ባል መሆኔን አስታውሰው ዘለሉኝ። እዚያ ላይ ሰውየውን ወደድኋቸው።

በዚያች ደቂቃ የጋሽ ሁሴን ሞተር ናፍጣ አለቀበትና ቀጥ አለ። ጸጥታው እንደ ብርድ ልብስ ወደቀ። የአባባ ጌታነህ ድምፅ በዚያ ሁሉ ስቱኮና አቡጀዲ ውስጥ አልፎ ወጣ፦

"ውጭ ቆሞ እያየ የማይከፍት ሁሉ እጁ ይስለል!"

"አሜን!" አለ ሮቢት በአንድ ድምፅ፤ ከዚያ ያለውን ሰማ።

የተዘረጉት እጆች በአየር ላይ ቀሩ። ሁሉም የየራሱን እጅ ያይ ጀመር። መጀመሪያ የነቁት እትዬ ዘይነባ ናቸው። "ዑዙቢላህ!" ብለው እጀታውን ጫን አደረጉት። በሩ ተከፈተ፤ ምንም ሳያምባርቅ፣ ግራሶው ሠርቶ።

"እንዴ፣ አልተቆለፈም እኮ" አሉ።

ወጣን። የሮቢት የቀትር ነፋስ፣ ያ ሁልጊዜ የምረግመው ትኩስ ነፋስ፣ ፊቴን ሲነካኝ ደብረ ሲና የገባሁ መሰለኝ። አባባ ጌታነህ ቁርቁራዋ ሥር ውሃ ጠጡ፣ ሌላ ውሃ በራሳቸው ላይ አስፈሰሱ፣ ጋሽ ሁሴንን "በጥላቻ አይደለም፣ አውፍ በሉኝ፣ ወዳጄ" አሉ፤ ጋሽ ሁሴንም "ምን ገዶ፣ እርግማኑም በአላህ እጅ ነው" እያሉ ጣታቸውን እያፍታቱ ነበር። ከዚያ ሽማግሌው ከዘራቸውን ተክለው ተነሡ።

"እኔ የመጣሁት" አሉ፣ "ትንኝ የሚገባበት ቤት ከሆነ ልጄን ልወስድ ነው። እንግዲህ ሰምታችኋል። ሰው የሚያህል ፍጥረት ከዘራ ይዞ፣ እየጮኸ፣ መውጣት ካቃተው፣ ትንኝ በየት ልትገባ ነው? አንዲቷ ሞክራ መሃል ላይ ቀርታለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ። አማቼ ቃሉን ጠብቋል። ልጄ ትቀመጣለች።"

እልልታው ሲቀልጥ እንባዬ መጣ፤ ላብ ነው ብዬ ጠረግሁት። ወደ የሺ ዞርሁ። ከአጠገቤ አልነበረችም። ከቁርቁራዋ ሥር፣ በዚያች ኮርቻ ላይ ተቀምጣ ልጓሙን ይዛለች።

"የሺ፣ ምን ሆነሻል?" አሉ አባቷ። "ቤቱ ደኅና ነው አልኩ እኮ!"

"አባባ፣ ቤቱን ከወደዱት ይኑሩበት" አለች። ከዚያ ወደ እኔ፦ "በዚያ ቤት ውስጥ ግንቦትን አይቻለሁ፤ አባባ ዛሬ ያዩትን እኔ በየቀኑ አይቻለሁ። ይች በቅሎ ባዶዋን አትመለስም። የምትችለው ደግሞ አንድ ጭነት ነው። ወይ እኔን፣ ወይ መስኮቱን። ምረጥ።"

መልሱ ወዲያው መምጣት ነበረበት። እኔ ግን መስኮቱን አንድ ጊዜ ዞር ብዬ አየሁት፤ ያ እጀታ በፀሐይ ያብረቀርቃል። የሺ ዞር ስል አይታኛለች። በትዳራችን ውስጥ ክርክር በተነሣ ቁጥር ያችን ዞር ማለቴን ታነሣብኛለች፤ ለሞት መድኃኒት ቢገኝ እንኳ ለዚያች አይገኝም።

ከፍየሉ አጠገብ መዶሻዬን አንሥቼ ገባሁ። ምስማሩን፣ ስቱኮውን፣ ጭቃውን ሁሉ ፈልፍዬ መስኮቱን ከነፍሬሙ ነቀልሁት። በግድግዳው ላይ የቀረው ቀዳዳ በሬ ያስገባል። ነፋሱ ቤቱን ገብቶ እስኪወጣ የሺ ከበቅሎዋ አልወረደችም።

የተገረሙት አባባ ጌታነህ ናቸው። መስኮቱን ሲያዩ ዓይናቸው በራ። "ሙቀት አያስወጣም አልህ?"

"አንዲት አያስወጣም፣ አባባ። አይተውታል።"

ደብረ ሲና ላይ ከነሐሴ ጉም ጋር የሚታገል ሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር በሕልሙም አያገኝም። መስኮቱን በፍራሻችን ጠቅልለን በአንድ ወገን፣ ለሚዛን የማሽላ ስልቻ በሌላው ወገን ጫንላቸው። በቅሎዋም የመጣችበትን ጉዳይ ሳትፈጽም፣ ግን ባዶዋን ሳትሆን፣ ተራራውን ወጣች። ባናቸውን በሙቀቱ ጠልተዋት እኛ ዘንድ ትተዋት ሄዱ። "ከእንግዲህ መስታወት አለኝ" አሉ። ፍየሉ በዚያ ሁሉ ግርግር ገመዱን ቆርጦ ስለጠፋ ክርስቲያኖቹ ሽሮ በልተው ተበተኑ።

እንግዲህ ተረቱ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። መስከረም ሲጠባ ግን ወባ ያዘኝ። የሺን ሳይሆን እኔን። ወሬው ደብረ ሲና ደረሰ። አንድ ቀን በትኩሳት ተጋድሜ በዚያ በባዶው መስኮት ወደ ውጭ ሳይ፣ ያች በቅሎ ከቁርቁራዋ ሥር ቆማለች፤ ኮርቻዋ ባዶ ነው። ቅዠት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጠውም እዚያው ናት። የሺ አባቷ ከላኩት ሰው ጋር ቆማ ታወራለች። ፈራሁ። ያን ቀን ወባውን አይደለም የፈራሁት።

ትንሽ ቆይታ በርበሬ የሞላ ስልቻ አወጣች፣ በኮርቻው ላይ አስጫነች፣ በቅሎዋን መታ አድርጋ ሸኘቻት። ገብታ ኪኒኔን አዋጠችኝ።

በዚያን ጊዜ ብርድ ብርዱ መጣብኝ። ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ አልጋው እንደ ድሮው ይርገፈገፋል። ሮቢት ውስጥ መኖር ከጀመርሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ "የሺ፣ በሩን ዝጊው" አልሁ።

የአባቷን ባና ከሣጥን አወጣችና ደረበችልኝ፤ ዳርና ዳሩን ሥሬ ጠቀጠቀችው። ከዚያ በርጩማዋን ይዛ ሄዳ ደጃፉ ላይ፣ እኔን ማየት ከምትችልበት ቦታ ተቀመጠች። የደብረ ሲና ልጅ ናት፤ በሩን ግን አልዘጋችውም።